በኤሌክትሮኒክ የሰነድ ፊርማ አገልግሎት የጠያቂውን ማንነት ስለ ማረጋገጥ



አንድ ደብዳቤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲደርስ መዝገብ ቤቱ ይዘቱን ከማንበቡ በፊት የሚመለከታቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ከየት እንደ መጣ የሚናገረው ራስጌ፣ የወጪ ቁጥሩና ቀኑ፣ ከግርጌው ያለው ፊርማ፣ ከፊርማው ሥር የተመታው ቲተርና በላዩ ያረፈው ክብ ማኅተም አንድ በአንድ ይታያሉ። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ደብዳቤ ጉዳዩ የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ አይቀርብም። ይህ ልማድ የቢሮክራሲ ቀንበር ተብሎ ብዙ ጊዜ ሲወቀስ ይሰማል። ወቀሳው አልፎ አልፎ ተገቢ ቢሆንም፣ ልማዱ የሚመልሰው ጥያቄ ግን ዛሬም አላረጀም፤ ይኸውም «ይህን የጠየቀው ማን ነው? ለመጠየቅስ ሥልጣን አለው ወይ?» የሚለው ነው። ደብዳቤው ወረቀት መሆኑ ሲቀር፣ ላኪውም ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ሲሆን፣ ይህ ጥያቄ እንዴት እንደሚመለስ መመርመር የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ሰነድ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያስፈርሙ ድርጅቶች አገልግሎታቸውን በሁለት በር ይሰጣሉ። በአንደኛው በር ሰው በድረ ገጽ ገብቶ ሰነዱን ይጭናል፤ የፈራሚዎቹንም አድራሻ በእጁ ይጽፋል። ሁለተኛው ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት በር ሲሆን በሙያው ቋንቋ ኤ.ፒ.አይ. ይባላል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ባንክ የብድር ክፍል በየቀኑ እጅግ ብዙ ውሎችን ያዘጋጃል እንበል። ሠራተኛው እያንዳንዱን ውል ለየብቻው አይልክም፤ የባንኩ ኮምፒዩተር ራሱ ውሉን አሰናድቶ፣ የተበዳሪውንና የዋሱን ስምና የኢሜይል አድራሻ ጨምሮ፣ እንዲያስፈርምለት ወደ አገልግሎቱ ሰርቨር ይልካል። ሰርቨሩ የላኪውን ፊት አያይም፤ ድምፁን አይሰማም። በእጁ ያለው ከኢንተርኔት የመጣ የፊደላትና የቁጥሮች ረድፍ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሲባል አብዛኛው ባለሙያ የሚታየው ፈራሚው በራሱ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚያኖረው ፊርማ ነው። የዚህ ዓይነቱ ፊርማ ሐሳብ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ የቀረበ ሲሆን፣ ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን በ1977 በሥራ ላይ ሊውል የሚችል ስልት አገኙለት። በዕለት ተዕለት ንግድ የሚሠራበት የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ግን በአብዛኛው እንዲህ አይደለም። ፈራሚው በኢሜይል የደረሰውን ማያያዣ ይከፍታል፤ ስሙን ይጽፋል ወይም ምልክት ይጫናል። አገልግሎት ሰጪውም ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው አድራሻ እንደ ፈረመ በመዝገቡ ጽፎ ሰነዱን በድርጅቱ በራሱ ቁልፍ ያሽገዋል። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2000 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለው ፊርማ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 910/2014 በበኩሉ ፊርማን በሦስት ደረጃ ከፍሎ፣ ከእጅ ጽሑፍ ፊርማ ጋር እኩል ያደረገው የመጨረሻውንና ጥብቁን ደረጃ ብቻ ነው።

እንግዲህ የማስረጃው ክብደት ያረፈው በአገልግሎት ሰጪው መዝገብ ላይ ከሆነ፣ መዝገቡን ያስጻፈው ጥያቄ ከማን እንደ መጣ ማወቅ የፊርማው ግማሽ አካል ነው። በባንኩ ስም በዚህ በር መግባት የቻለ ሌባ የማንንም ሰው ፊርማ አስመስሎ መጻፍ አያስፈልገውም። የዋሱን የኢሜይል አድራሻ ወደ ራሱ አድራሻ መለወጥ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ማሸጊያው የቱንም ያህል የጠነከረ ቢሆን፣ በጥንቃቄ የታሸገው ሐሰት ይሆናል።

ጠያቂን ለማወቅ ከሁሉ ቀላሉና ከሁሉ የተለመደው መንገድ የኤ.ፒ.አይ. ቁልፍ የሚባለው ነው። አገልግሎት ሰጪው ለደንበኛው አንድ ረጅም የፊደላት ረድፍ ይሰጣል፤ ደንበኛውም በእያንዳንዱ ጥያቄ ራስጌ ላይ ይህንኑ ይልካል። ቀድሞ ሄሎሳይን ይባል የነበረውና እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ድሮፕቦክስ ሳይን የተባለው አገልግሎት መመሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ መመሪያ መሠረት ቁልፉ በተጠቃሚው ስም ቦታ ይገባል፤ የይለፍ ቃሉ ቦታ ባዶ ይተዋል፤ ሁለቱም ቤዝ 64 በተባለው አጻጻፍ ተለውጠው ይላካሉ። ቤዝ 64 ምስጠራ አይደለም፤ ማንም ወደ ነበረበት ሊመልሰው ይችላል። በመንገድ ላይ ምስጢሩን የሚጠብቀው ቲ.ኤል.ኤስ. የተባለው የመገናኛ ሽፋን ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ የሚያሰጋ ነገር አነስተኛ ነው። አደጋው ያለው ቁልፉ በሚያርፍባቸው በሁለቱ ጫፎች ላይ ነው።

ይህም በግምት የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2024 ድሮፕቦክስ አንድ ያልተፈቀደለት ሰው ወደዚሁ የፊርማ አገልግሎቱ ሥርዓት መግባቱን ደረሰበት፤ ሜይ 1 ቀንም ለሕዝብ ገለጸ። ወራሪው የገባው በአንድ የአገልግሎት አካውንት በኩል ነበር፤ ይኸውም የማንም ሠራተኛ ያልሆነ፣ ፕሮግራሞች ሥራቸውን በራሳቸው እንዲያካሂዱ ብቻ የተከፈተ አካውንት ነው። በዚያም የደንበኞችን የመረጃ ቋት አገኘ። በእጁ ከገቡት መካከል የኢሜይል አድራሻዎች፣ የተጠቃሚ ስሞች፣ የስልክ ቁጥሮች፣ በሐሽ የተለወጡ የይለፍ ቃሎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የኤ.ፒ.አይ. ቁልፎችና ቶከኖች ነበሩበት። አካውንት ሳይኖራቸው ሰነድ ተልኮላቸው የፈረሙ ሰዎች ስምና ኢሜይል እንኳ አልቀረም። ድርጅቱ የሰነዶቹ ይዘት መነካቱን የሚያሳይ ማስረጃ እንዳላገኘ አስታወቀ፤ የይለፍ ቃሎቹን ሽሮ የኤ.ፒ.አይ. ደንበኞቹ ሁሉ አዲስ ቁልፍ እንዲያወጡና አሮጌውን እንዲሰርዙ አደረገ።

ለመሐንዲስ የዚህ ታሪክ ትልቁ ፍሬ ነገር ከይለፍ ቃሉና ከኤ.ፒ.አይ. ቁልፉ ልዩነት ላይ ይገኛል። የይለፍ ቃል በሐሽ ተለውጦ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሰርቨሩ ዋናውን ቃል ሳያውቅ የቀረበለትን ቃል ሐሽ አውጥቶ ያመሳክራል። በዚሁ አገልግሎት መመሪያ መሠረት ግን የኤ.ፒ.አይ. ቁልፉ ሁለተኛ ሥራ አለው። ሰነድ መፈረሙን የሚያበስር ማስታወቂያ ከአገልግሎቱ ወደ ደንበኛው ሲላክ፣ የማስታወቂያው ትክክለኛነት የሚረጋገጠው በዚሁ ቁልፍ በሚሰላ ኤችማክ በተባለ ማረጋገጫ ነው። ኤችማክ ለማስላት ሁለቱም ወገን ዋናውን ቁልፍ ማንበብ አለባቸው፤ ስለዚህ በሐሽ ብቻ ማስቀመጥ አይቻልም። በዚህም ምክንያት ቁልፉን የሰረቀ ሰው በባንኩ ስም መጠየቅ ብቻ ሳይሆን፣ ያልተፈረመውን ውል «ተፈርሟል» ብሎ ለባንኩ ማብሰርም ይችላል። አንድን ቁልፍ ለመውጪያውም ለመግቢያውም በር ማድረግ ለአሠራር የሚመች ቢሆንም በንድፍ ረገድ የሚመሰገን አይደለም።

ከዚህ ችግር የተወሰነውን ያቃለለው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 በአር.ኤፍ.ሲ. 6749 የወጣው ኦአውዝ 2.0 የተባለው ደንብ ነው። የደንቡ ሐሳብ በውልና ማስረጃ በር ላይ ወረፋ ይዞ ለሚያውቅ ሁሉ እንግዳ አይሆንም፤ ውክልና ነውና። የሰነዱ ባለቤት የይለፍ ቃሉን ለፕሮግራሙ አይሰጥም። ይልቁንም በአገልግሎቱ ገጽ ላይ ራሱ ቀርቦ፣ ፕሮግራሙ በስሙ እስከ ምን ድረስ እንዲሠራ እንደሚፈቅድ ይገልጻል። ፕሮግራሙም በዚያ ፈቃድ ልክ የተቆረጠ፣ ጊዜው የተወሰነ ቶከን ይቀበላል። «መሸጥ መለወጥ» የሚል ሐረግ የሌለበት ውክልና ቤት እንደማያሸጥ ሁሉ፣ ሰነድ ለማንበብ ብቻ የተሰጠ ቶከንም ሰነድ አያስፈርምም። ውክልናው በተሻረ ጊዜም የባለቤቱን የይለፍ ቃል መለወጥ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ በብዛት የሚሠራበት የኦአውዝ ቶከን ለአምጪው እንደሚከፈል ቼክ ነው። የያዘው ሁሉ ባለቤቱ ይመስላል፤ ሰርቨሩ «ከየት አገኘኸው?» ብሎ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ለሄሮኩና ለትራቪስ ሲ.አይ. የተሰጡ ቶከኖች ተሰርቀው፣ በእነርሱ አማካይነት ከጊትሃብ ላይ የብዙ ድርጅቶች የግል ፕሮግራሞች መወሰዳቸው ይታወሳል። የቶከን ዕድሜ አጭር እንዲሆን የሚደረገውም ስለዚህ ነው፤ በሌባ እጅ ቢገባም ብዙ ሳይቆይ እንዲሞት።

ጥያቄው ከዚህ ይቀጥላል። ሰው በሌለበት፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ውል የሚልክ ፕሮግራም አጭር ዕድሜ ያለውን ቶከን በየጊዜው የሚያገኘው እንዴት ነው? የዶኩሳይን አገልግሎት ለዚህ የሚጠቀምበት መንገድ ጄ.ደብልዩ.ቲ. በተባለው የተፈረመ ማመልከቻ ላይ የተመሠረተ ነው። ደንበኛው ሁለት ተዛማጅ ቁልፎች ይኖሩታል። ይፋዊው ቁልፍ በአገልግሎቱ ዘንድ ይቀመጣል፤ የግል ቁልፉ ከደንበኛው ሰርቨር አይወጣም። ፕሮግራሙ አጭር ማመልከቻ ይጽፋል፤ በውስጡም አመልካቹ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ተጠቃሚ ስም ሊሠራ እንደሚፈልግ፣ ማመልከቻው ለየትኛው ሰርቨር እንደ ተጻፈ፣ መቼ እንደ ተጻፈና መቼ እንደሚያበቃ፣ ምን ዓይነት ሥልጣን እንደሚጠይቅ ይገልጻል። ከዚያም በግል ቁልፉ ይፈርምበታል። ሰርቨሩ ፊርማውን በይፋዊው ቁልፍ አመሳክሮ ለአንድ ሰዓት የሚያገለግል ቶከን ይሰጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በስሙ የሚሠራበት ተጠቃሚ አስቀድሞ ለዚህ ፈቃዱን ከሰጠ ብቻ ነው። ፈቃዱም የተለየ ስም አለው፤ በእንግሊዝኛው መጠሪያው በሌላ ሰው ተመስሎ መቅረብ ማለት ነው። ቃሉ ሲሰማ ያስደነግጣል፤ ማስደንገጡም ደግ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ኃላፊ ምን እየሰጠ እንደሆነ ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋልና።

የዚህ ስልት ብልጫ ምስጢሩ ራሱ የማይላክ መሆኑ ነው። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ራሱ በፖስታ አይላክም፤ የሚላከው ምልክቱ ያረፈበት ወረቀት ነው። የኤ.ፒ.አይ. ቁልፍ ግን ማኅተሙን ራሱን በየደብዳቤው አሽጎ እንደ መላክ ያለ አሠራር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጄ.ደብልዩ.ቲ. ረገድ የአገልግሎት ሰጪው ቋት ቢዘረፍ እንኳ ሌባው የሚያገኘው ይፋዊ ቁልፍን ነው፤ በእርሱም መፈረም አይችልም።

በተግባር ሲታይ ችግር የሚፈጥሩት ነገሮች ጥቃቅን ናቸው። አንደኛው ሰዓት ነው። በማመልከቻው ላይ የሚጻፈው ጊዜ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉት ሰከንዶች ቁጥር ነው፤ ስለዚህ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት አያስቸግርም። የደንበኛው ሰርቨር ሰዓት ጥቂት ደቂቃ የቀደመ እንደሆነ ግን ማመልከቻው ገና ያልደረሰ ጊዜ ተጽፎበት ስለሚደርስ ይመለሳል፤ መሐንዲሱም ጉድለቱን በቁልፉ ላይ ሲፈልግ ይውላል። ሌላው ከዚህ የከፋ ነው። ጄ.ደብልዩ.ቲ. በየትኛው ስልት እንደ ተፈረመ በራሱ ራስጌ ላይ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በይፋ እንደ ተገለጸው፣ አንዳንድ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት በራስጌው ላይ «ያለ ፊርማ» የሚል ቃል ሲያገኙ ፊርማውን ሳያዩ ያሳልፉ ነበር። ደብዳቤው ራሱ «ማኅተሜን አትመልከቱ» ሲል መዝገብ ቤቱ እንደ መታዘዝ ያህል ነው። ተቀባዩ የሚፈቅደውን ስልት ራሱ አስቀድሞ መወሰን ይገባዋል፤ የላኪውን ቃል መጠበቅ የለበትም።

ቶከኑም ቢሆን ከአምጪው ቼክ ወደ ስም ያለው ቼክ የሚለወጥበት መንገድ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 8705 ቶከኑን ከደንበኛው የዲጂታል ሰርተፊኬት ጋር ያስተሳስረዋል፤ በሴፕቴምበር 2023 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 9449 ደግሞ ቶከኑን የሚያቀርበው ፕሮግራም በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ የግል ቁልፉን በእጁ መያዙን እንዲያስረዳ ያዛል። በፌብሩዋሪ 2024 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 9421 ጥያቄውን ራሱን፣ ከይዘቱ አሻራና ከተጻፈበት ጊዜ ጋር፣ በአንድነት መፈረም የሚቻልበትን ሥርዓት ይደነግጋል። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥርም ሊጨመርበት ይችላል። መዝገብ ቤት በአንድ የወጪ ቁጥር ሁለት ጊዜ የመጣን ደብዳቤ እንደሚጠራጠር ሁሉ፣ ሰርቨሩም በዚያ ቁጥር ከሌላ ሰው ተቀድቶ የተደገመን ጥያቄ ይለያል።

ጥብቅ ደረጃ ላለው ፊርማ ግን የፕሮግራሙን ማንነት ማወቅ ብቻውን አይበቃም። የፈራሚውን የግል ቁልፍ በአደራ የሚያስቀምጡ አገልግሎቶች የሚከተሉት የክላውድ ሲግኔቸር ኮንሶርሺየም ደንብ ሁለት በሮችን ለይቶ አስቀምጧል። በመጀመሪያው በር ፕሮግራሙ ወደ አገልግሎቱ ይገባል። በሁለተኛው በር ፈራሚው ራሱ፣ ለምሳሌ በስልኩ በሚደርሰው ቁጥር፣ ቁልፉ ለተወሰነ ሰነድ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ፈቃዱም ከሰነዱ አሻራ ጋር ሊታሰር ይችላል። በዚህ ዓይነት አሠራር ፕሮግራሙ በሌባ እጅ ቢወድቅ እንኳ ሌባው ባለቤቱ ባላየው ሰነድ ላይ የባለቤቱን ፊርማ ማኖር ይቸግረዋል። ከላይ የተነሣው የባንኩ ዋስ ከሐሰት የሚጠበቀው በዚህኛው በር ነው።

ከአገልግሎቱ ወደ ደንበኛው ስለሚመጣው ማስታወቂያ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም፤ በግዕዝ ፊደል ለሚሠራ መሐንዲስ በተለይ የሚመለከት ነውና። ኤችማክ የሚሰላው በመልእክቱ ይዘት ባይቶች ላይ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከአንዲት ባይት በስተቀር ሁሉም ትክክል ቢሆን ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ነገር ግን ብዙ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት መልእክቱን ተርጉመው እንደገና ሲጽፉት እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በስድስት የላቲን ምልክቶች ይተኩታል። ለአንባቢ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ለኤችማክ ግን ሌላ መልእክት ነው። «John» የሚል ስም ያለበት ሙከራ ሁሉ አልፎ፣ «አበበ» የሚል ስም ያለበት የመጀመሪያው እውነተኛ ውል ሲመጣ ማረጋገጫው ይወድቃል። መፍትሔው ማረጋገጫውን የመጣው መልእክት ገና ሳይተረጎም፣ እንደ ደረሰ ባለው ባይት ላይ ማስላት ነው። አንዳንድ ቦታ እንደሚደረገው የአማርኛ ስም ያለበት ሲመጣ ማረጋገጫውን መዝለል ግን በሩን ከነሳንቃው እንደ መንቀል ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ማረጋገጫ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ዋላርም የተባለው የደኅንነት ድርጅት እንደ ዘገበው፣ አጭበርባሪዎች በዶኩሳይን ላይ ክፍያ ከፍለው እውነተኛ አካውንት አወጡ፤ በኤ.ፒ.አይ.ው በኩልም በታወቁ ድርጅቶች ስም የተዘጋጁ የሐሰት የክፍያ መጠየቂያዎችን አሰራጩ። ጥያቄዎቹ በሙሉ የተረጋገጡ ነበሩ። ሰርቨሩ ጠያቂው የአካውንቱ ባለቤት መሆኑን አወቀ እንጂ የባለቤቱን ሐሳብ አላወቀም። ይህን የሚይዘው አካውንት በሚከፈትበት ጊዜ የሚደረግ ምርመራና የአላላክ ክትትል ነው፤ ከምስጠራ የሚጠበቅ አይደለም።

በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ወዲህ በዲጂታል ሰርተፊኬት የተደገፈ ፊርማ ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ አዋጁ የሥር ሰርተፊኬት ሰጪነቱን ኃላፊነት ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ሰጥቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ተከትለውታል። የፋይዳ መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሥርዓትም ኢሲግኔት በተባለው ክፍሉ፣ ጠያቂ ድርጅቶች ማንነታቸውን በተራ የይለፍ ቃል ሳይሆን በግል ቁልፍ በተፈረመ ጄ.ደብልዩ.ቲ. እንዲያስረዱ ያደርጋል። በሕግም በቴክኒክም ረገድ መሠረቱ ተጥሏል ማለት ይቻላል።

የቀረው የቁልፍ አያያዝ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ክብ ማኅተም በማን እጅ እንዳለ፣ በየትኛው መሳቢያ እንደሚቆለፍ፣ ሠራተኛው ሲዛወር በምን ሰነድ እንደሚረከቡት ማንም መሥሪያ ቤት ያውቃል። በማኅተሙ ፋንታ የመጣው የግል ቁልፍ ግን አንድ ወጣት ፕሮግራመር በሠራው ፋይል ውስጥ ከፕሮግራሙ ጋር ተጽፎ፣ በየሠራተኛው ኮምፒዩተር ላይ ተገልብጦ፣ ፕሮግራመሩ ሥራ ከለቀቀ በኋላም ሳይሻር ሊኖር ይችላል። በንብረት መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ርክክብም አይደረግበትም። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ቁልፍ የሚያከማች መሣሪያ መግዛት ለማይችል ድርጅት እንኳ ቁልፉን ከፕሮግራሙ ጽሑፍ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ለሙከራና ለእውነተኛው ሥራ የተለያዩ ቁልፎችን መጠቀም፣ የያዡንም ስም በመዝገብ ማኖር ወጪ የማያስከትል ሥራ ነው።

ቁልፍ በሚለወጥበት ጊዜም ሥራ እንዳይቆም ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን ይሠራሉ። አዲሱ ይፋዊ ቁልፍ በአገልግሎቱ ዘንድ ይመዘገባል፤ ፕሮግራሙ በአዲሱ የግል ቁልፍ መፈረም ይጀምራል፤ በአሮጌው የተፈረመ ማመልከቻ መምጣቱ እስኪያቆም መዝገቡ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ በዚህ ሰዓት ማንም የማያስታውሰው፣ ከዓመታት በፊት ተጽፎ በአንድ ጥግ የተረሳ ፕሮግራም በአሮጌው ቁልፍ ሲፈርም ይገኛል። እርሱ ማን እንደሆነና የማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ አሮጌው ቁልፍ ይሰረዛል፤ የተሰረዘበት ቀንና የሰረዘው ሰው ስምም በርክክብ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል።